ሃሚልተን ተራራን በፎሌ

ያቺ ጣሪያ የሌላት የጀርመን መኪና ያስወጣችኝን ልንገራችሁ፦ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ የነበረኝን የመኪና መሸጫ ከነአጥሩ፣ አንድ የመንጋጋ ጥርስ፣ ከአክስቴ ልጅ ከሁሴን ጋር ሁለት ረመዳን ሙሉ መኮራረፍ፣ እና ቀኝ እግሬን። እግሬ እንኳ አለ፤ ግን ከዚያ ወዲህ የራሴ አይደለም፣ ቁልቁለት ባየ ቁጥር ሳያስፈቅደኝ ይረግጣል።

በቀደም ልጄ ሀያት ከኮንኮርድ ወደ ኦክላንድ ስትመልሰኝ፣ ተራራውን የሚያቋርጠውን ዋሻ ወጥተን ቁልቁል ስንወርድ፣ ከፊታችን አንድ የአሸዋ መኪና ከኋላ ጎማው ሰማያዊ ጭስ እየተነፈሰ ይሄዳል። መስኮቱ ተከፍቶ ነበርና ሽታው ገባ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ከምንም ሽታ ጋር አይምታታም፤ የቀንድ፣ የላስቲክና የፍርሃት ድብልቅ ነው። እግሬ ምንጣፉን ረገጠ። «ባባ፣ ስቶፕ ብሬኪንግ» አለችኝ ሀያት፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ። «አይ አም ድራይቪንግ።» የእሷ መኪና በባትሪ የሚሄድ ነው፤ እግሯን ስታነሳለት ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ የወረደበትንም ቁልቁለት ወደ ባትሪው ይመልሳል ትለኛለች። ቁልቁለት ትርፍ የሚሰጥበት ዘመን ላይ ደርሰናል ማለት ነው። እኔ የከሰርኩት ቀድሜ ስለወረድኩ ይሆናል።

ያኔ ቤይ ብሪጅን ለመሻገር አንድ ዶላር ነበር የሚከፈለው፣ ያውም በእጅ፣ «ጉድ ሞርኒንግ» ለምትል ሴትዮ። ቤንዚን ጋሎኑ ከዶላር ብዙም አይዘልም። የደዋዩን ስልክ ቁጥር የምታሳይ ቢፐር ቀበቶው ላይ ያልሰካ ሰው ሥራ ፈት ይባላል፤ ቢፐሩ ሲጮህ ደግሞ ሳንቲም ፍለጋ ኪስ መዳበስ ነው። የመንገድ ስልኩ የነበረው ጥጉ ላይ፣ ካምቦዲያዊው ዶናት ቤት በር ላይ ነው። ሽማግሌው ብር እየመነዘረልኝ ሁልጊዜ «ዛሬ ስንት ሸጥክ?» ይለኛል፤ እኔም ሁልጊዜ «አንድ» እለዋለሁ፣ ባልሸጥኩ ቀንም። ከዶናት ቤቱ ቀጥሎ ልብስ ማጠቢያ፣ ከማጠቢያው ቀጥሎ የእኔ ግቢ፦ ዐሥራ አንድ መኪና፣ በገመድ የተንጠለጠለ የላስቲክ ባንዲራ፣ አንድ ወንበር። ትከሻው በስፖንጅ የተሞላ ግራጫ ኮት ነበረኝ፤ ዳሊ ሲቲ ሊዘጋ ከነበረ ሱቅ በዐሥራ ሁለት ዶላር የገዛሁት፣ ለብሼው ስቆም ከመኪናዎቹ ይልቅ እኔ የምሸጥ የምመስልበት። ደንበኞቼ የእኛው ልጆች ነበሩ፣ ታክሲ ሊነዱ የመጡ። ካሴት እያስደመጥኩ ነበር የምሸጥላቸው፤ ከዋሽንግተን በፖስታ የሚመጣ፣ ሦስት ጊዜ የተገለበጠ፣ ዘፋኙ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን የሚመስል። አንዱ ልጅ ከፍሎ ከወጣ በኋላ ተመልሶ «ጋሼ፣ ካሴቱስ?» ቢለኝ «እሱ የሱቁ ነው» አልኩት። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ አምስት ፎቅ ተሠርቷል፤ ሥሩ ላይ ለውሻ ፀጉር የሚቆርጡበት ቤት አለ።

ጋሽ ሰይፉን ያወቅኩት እዚያው ግቢ ነው። በጃንሆይ ጊዜ በርክሌይ ሊማሩ መጥተው በዚያው የቀሩ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን በመሐንዲስነት የሠሩ ሰው ነበሩ። ያለ ክራቫት አይወጡም፤ ጋራዣቸው ውስጥ እንኳ ጫፉን ሸሚዛቸው ውስጥ ከተው ነበር መኪና ሥር የሚገቡት። አንድ ቀን መጥተው የዐሥራ አንዱንም መኪና ኮፈን አስከፍተው አዩና «አብዱ፣ ከነዚህ ውስጥ አንተ ራስህ የምትነዳው የትኛውን ነው?» አሉኝ። «እኔ በአውቶቡስ ነው የምመጣው» አልኳቸው። ሳቁ። በሳምንቱ ሳን ሆዜ ቤታቸው ጠሩኝና እሷን አሳዩኝ።

ሦስት ሃያ ስምንት ነው የሚሏት፤ ስም የላትም፣ ቁጥር ነው። ባቫሪያ ውስጥ የአውሮፕላን ሞተር በመሥራት የተጀመረ ፋብሪካ ከጦርነቱ በፊት ያወጣት፣ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ኮፈኗ በቆዳ ቀበቶ የሚታሰር፣ በሯ ከውጭ እጀታ የሌለው። አምስት መቶ እንኳ አልተሠራችም። ጋሽ ሰይፉ ኮፈኑን ከፍተው እንደ መምህር ቆሙ። «አየህ፣ አዲስ ሞተር የሚሠሩበት ገንዘብ አልነበራቸውም። የነበራቸው የቆየ ባለስድስት ሲሊንደር ነው፣ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ካምሻፍት ደግሞ አንድ፣ ታች በጎን። ሞተሩ በደንብ እንዲተነፍስ ግን አየሩ በአንድ ወገን ገብቶ ጭሱ በሌላ ወገን መውጣት አለበት። ሁለቱን ወገን እንዴት አድርጎ አንዱ ካምሻፍት ይንካ? ከታች በዘንግ ወደ ላይ ገፉት፤ ላይ ሲደርስ ሌላ አጭር ዘንግ አስተኝተው፣ በሞተሩ ራስ ላይ አሻግረው፣ ግፊቱን ለወዲያኛው ቫልቭ አደረሱት።»

«ገባኝ» አልኩ። «በመሃል ደላላ አስገቡ።»

«ልዩነቱ» አሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ «ይኼኛው ኮሚሽን አይበላም።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን አጭር ዘንግ ሁለታችንም ደላላው እያልን ነው የምንጠራው።

ጉልበቷ የሰማንያ ፈረስ ነው፤ ዛሬ የሀያት ጎረቤት ሣር ለማጨድ የሚጋልባት ነገር ራሷ የምታንስ አትመስለኝም። ቀላል ስለነበረች ግን ማንም አልያዛትም። መጀመሪያ የታየችው ጀርመን ውስጥ አይፍል በሚባል ተራራማ አገር፣ ደን ለደን በሚዞር የውድድር መንገድ ላይ ነው፤ ብዙም ሳይወራላት መጥታ በሞተር መጠን በተመደበችበት ክፍል የነበሩትን ሁሉ ጥላ ሄደች። ከዚያ ፈረንሳይ ሃያ አራት ሰዓት በሚነዳበት ውድድር ክፍሏን አሸነፈች፤ ጣሊያን ውስጥ ሺህ ማይል በሚሮጥበት ደግሞ፣ አውሮፓ ጦርነት ውስጥ ገብታ እያለ፣ ጣሪያ የተሠራላት እህቷ ከሁሉ በፊት ገባች። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዞች ንድፉን ወስደው ሞተሩን በራሳቸው መኪና ላይ ዓመታት አኖሩት። የጋሽ ሰይፉን መኪና አንድ አሜሪካዊ ወታደር በመርከብ አምጥቷት፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በተዘጉ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ላይ ተወዳድሮባታል። ሲሞት ሚስቱ ለጋሽ ሰይፉ ሸጠችላቸው። ያኔ ማንም አሮጌ ቆርቆሮ ብሎ የሚያልፋት ነበረች፤ እሳቸው ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ብሎን ፈተው አሰሩ።

ዓይናቸው መጥፋት የጀመረው ሥራው ሲያልቅ ነው። መጨረሻ የሠሩት ፍሬኑን ነበር፤ ሸራውን ያለበሱት ግማሹን በማየት፣ ግማሹን በመዳበስ ነው። ልጆቻቸው መኪናዋን ለሎስ አንጀለስ ነጋዴ ሊሰጡ ቀጠሮ ያዙ። «እሱ መስታወት ቤት ውስጥ ለሚያቆማት ነው የሚሸጣት» አሉኝ። «የማትነዳ መኪና የሞተች ናት። ለሚነዳት ሰው ሽጥልኝ፣ አብዱ። ግን ልጆቼን ዝም የማሰኝበት ቀብድ እፈልጋለሁ።» የመኪናዋን ዋጋ አልናገርም፣ ነጋዴ ነኝ፤ የቀብዱን ግን እነግራችኋለሁ፤ ልክ የግቢዬን ሊዝና የዐሥራ አንዱን መኪና ዋጋ ያህል ነበር፣ ላዩ ላይ ሁሴን እኔ ጋ ካስቀመጠው ገንዘብ ጋር፤ ግቢውንና መኪናዎቹን ሸጬ ከፈልኩ። ውላችን በቃል ነው፦ በዓመቱ ውስጥ የሚነዳት ገዢ ካመጣሁ ከላይ ያለው ትርፍ የእኔ፤ ካላመጣሁ፣ ወይም በእጄ ላይ ከተጎዳች፣ ቀብዱ ቀረ። ሁሴን ሲሰማ እዚሁ ካሊፎርኒያ፣ ኒውአርክ ከሚሠራበት መጋዘን ተነሥቶ መጣ።

«ስልሳ ሊሞላት የተቃረበ መኪና ላይ ሱቅ ትሸጣለህ? በቅሎ እንኳ በዚህ ዕድሜ ታርፋለች።»

«በቅሎ ጣሊያን ሄዳ አላሸነፈችም።»

«የእኔን ገንዘብ ጨምረህ ነው የምትቀልደው» አለና ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ገዢ መጣ። የመጀመሪያው ሜትር አውጥቶ ወርዷን ለካ፤ ሳሎኑ ትገባ እንደሆነ ሊያውቅ ነው። ጋሽ ሰይፉ ሻይ አጠጥተው ሸኙት። ሁለተኛው ሊነዳት ፈለገ፣ ዝናብ ሲያካፋ ግን ሐሳቡን ለወጠ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ዶክተር ሊንዳ መጣች፤ ኮንኮርድ ውስጥ የጥርስ ሐኪም፣ ፀጉሯ አጭር ሽበት፣ በእረፍት ቀኗ አሮጌ መኪና የምትወዳደር። ጋሽ ሰይፉ እጇን ጨብጠው ትንሽ ያዙት፣ ጥፍሯ ሥር ያለውን ግሪስ የዳበሱ መሰለኝ። «ሃሚልተን ተራራን ወጥታችሁ ውረዱ» አሉ፣ ከሳን ሆዜ በላይ ያለውን። «እኔ ታች እጠብቃለሁ።» ሁሴን ተራራው ሥር ድረስ ነድቶ አመጣቸው፤ ለእሳቸው ሲል እንጂ ለእኔ ሲል አይደለም፣ አንድ ቃል አልተነፈሰልኝም።

ስንወጣ እሷ ነዳች። እንደ ሥራዋ ነው የምትነዳው፤ ሳትቸኩል፣ የሚያመው የት እንደሆነ እያወቀች። ሦስቱ ካርቡራተሮች ዳገቱ ላይ አየር ሲስቡ፣ ሦስት ሰው በአንድ ላይ ትኩስ ሻይ ፉት የሚል ይመስላሉ። አናቱ ላይ፣ ከዋክብት ከሚያዩበት ነጭ ጉልላት አጠገብ አቆመችና ጓንቷን አወለቀች። «እወስዳታለሁ» አለች። «እንደወጣች ከወረደች።»

አባቴ ባቲ ገበያ ግመል ሲሸጥ ገዢውን ከፊት እንጂ ከኋላ አቁሞት አያውቅም። እኔም አስልቼ ነበር የመጣሁት፦ ዳገቱን እሷ ትንዳ፣ የመኪናዋን ጉልበት ትይ፤ ቁልቁለቱን እኔ፣ ምክንያቱም የድሮ ፍሬን የድሮ ፍሬን ነው፣ በገዢ እግር ሥር ባይሆን ይሻላል። «ሲወርዱ መልክዓ ምድሩን ይዩ፣ ዶክተር» ብዬ መሪውን ያዝኩ። ቁጭ ስል ግን የሞተሩ ውኃ ሙቀት መለኪያ መርፌ መውጣት ከሚገባው በላይ ወጥቷል። እንዳታየው ፈለግኩ። ሞተሩን ለማሳረፍ የማውቀው አንድ መላ ነበር።

መንዳት ያስተማረኝ ይማም የሚባል ሹፌር ነው፤ ከኮምቦልቻ አሰብ የሚመላለስ የጭነት መኪና ነጂ። ይማም ቁልቁለት ሲደርስ ማርሹን ነጻ አውጥቶ፣ ፎሌ አድርጎ፣ መኪናዋን በራሷ ክብደት ነበር የሚለቃት። «ቁልቁለት የአላህ ነዳጅ ነው» ይላል፤ የተረፈውን ናፍጣ መንገድ ላይ ይሸጠዋል። የዚያ መስመር ሹፌር ሁሉ እንደዚያ ነው ያደገው። እኔም ሳላስበው፣ እንደ ልማዴ፣ ማርሹን ወደ ፎሌ አመጣሁት።

መጀመሪያ ደስ ይል ነበር። ሞተሯ ዝም ያለ ያህል፣ ነፋሱ ብቻ፣ የኮፈኑ ቀበቶ ጫፍ ሲማታ። መርፌው ወረደልኝ። መንገዱ ድሮ በፈረስ ጋሪ ዕቃ ሊያወጡበት የተቀደደ ነው ይላሉ፤ ለፈረሱ እንዲቀለው ተጠማዞ ተጠማዞ ነው የሚሄደው፣ በእኔ ወገን ተራራው፣ በሊንዳ ወገን ባዶ አየር። እሷ ስለ አንድ ውድድር እያወራችኝ፣ እኔ ኩርባ በመጣ ቁጥር ፍሬን እየረገጥኩ። ማርሽ ያልያዛት መኪና ሸክሟ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ነው። ፔዳሉ ላላ። ቀጥሎ እንደ ሊጥ ሆነ። ቀጥሎ ሽታው መጣ።

ሊንዳ ወሬዋን አቋረጠች። «ይሸታል።»

«ያለ ነው» አልኩ። እንደገና ስረግጥ ፔዳሉ ወለሉን ነካ።

ከበታቻችን፣ ከሁለት ኩርባ በኋላ፣ ብስክሌተኞች በሰልፍ ሲወርዱ ይታያሉ፤ ጀርባቸው ቢጫ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ የኋላ ጎማውን አወዛወዘው እንጂ አላቆመንም። ሦስተኛ ማርሽ ገባ። ትንሽ ያዘን፣ አልበቃም። የቀረው ሁለተኛ ነው። የሁለተኛውን ነገር ጋሽ ሰይፉ እሑድ እሑድ አጠገቤ ተቀምጠው ሲያስተምሩኝ ነግረውኛል፦ በፍጥነት ላይ ሳለች ሁለተኛ ብታስገባ ሞተሩ ከልኩ በላይ ይዞራል፣ ደላላው ይጣመማል። ሱቄ፣ የሁሴን ገንዘብ፣ የሳቸው ሃያ አምስት ዓመት፣ ሁሉም እዚያ ኮፈን ሥር ነው ያለው። የመጀመሪያው ኩርባ አለፈ፤ ጎማው ጠጠር በተነ፣ ጠጠሩ ወደ ባዶው ሲወርድ አልሰማሁትም። እጄ ማርሹ ላይ ነው፤ አይንቀሳቀስም። የነጋዴ እጅ ነው፣ ሒሳብ ላይ ነበር።

«አስገባው» አለች ሊንዳ። ጮኻ አይደለም፤ አፍህን ክፈት እንደምትል ነው።

ፍሪሲዮን ረገጥኩ፣ ፎሌ፣ ለቀቅኩ፣ ነዳጅ ሰጠሁ፣ ደግሜ ፍሪሲዮን፣ ሁለተኛ። ይኼንንም ያስተማረኝ ያው ይማም ነው። ገባ። መኪናዋ ከኋላ በገመድ የተያዘች ይመስል ሁለታችንንም ወደ ፊት ወረወረችን፤ ሞተሩ ሰው በሚመስል ድምፅ ጮኸ፣ ጩኸቱም አላባራ አለ። ጥርሴን ነክሼ ስለነበር አንዱ ሲሰነጠቅ ሰማሁት። ወዲያው ከኮፈኑ ሥር ጧ አለ። ያኛው ጥርስ አልነበረም።

ብስክሌተኞቹ ጋ ስንደርስ በሰው እርምጃ ነበር የምንሄደው። አንዱ አውራ ጣቱን አነሳልንና «ናይስ ካር» አለ።

ዳር ይዤ ከድንጋይ ጋር አስጠግቼ አቆምኳት። ሞተሩ ይንገዳገዳል። ሊንዳ ወርዳ ጎማዎቹን ዞረች፣ ጭሱን አየች፣ ተመልሳ ፊት ለፊቴ ቆመች። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። መኪናዋ ናት ወይስ ሹፌሩ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ዕድሜ ልኬን ስመልስ ነው የኖርኩት። ፍሬኑ ነው ብል ታምነኛለች፤ የዚያ ዘመን ፍሬን ደካማ እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃለች። ግን ያ ፍሬን ጋሽ ሰይፉ በመጨረሻ ዓይናቸው የሠሩት ነው። ሹፌሩ ነው ብል ደግሞ ሱቄን በገዛ አፌ ማስረከቤ ነው። የጥርሴ ስባሪ ምላሴ ላይ ነበር።

«ሹፌሩ ነው» አልኳት። «ፎሌ አድርጌ ነው የወረድኩት። ፍሬኑ ጤነኛ ነበር።»

ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የተረፈውን መንገድ በአንደኛ ማርሽ፣ እንደ ቀብር አጃቢ ወረድነው።

ታች፣ መናፈሻው መኪና ማቆሚያ፣ ጋሽ ሰይፉ ገና ከሩቅ ሰምተውን ከወንበራቸው ተነሥተው ነበር። ስናቆም «በአምስት ሲሊንደር ነው የመጣችሁት» አሉ። ጭቃ መከላከያውን እየዳበሱ እስከ ጎማው ሄዱና የእጃቸውን ጀርባ ወደ ፍሬኑ አስጠጉ፤ ሙቀቱ ፊታቸው ላይ ታየ።

«ፎሌ» አሉ።

ሁሴን ከተኮራረፍን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አነጋገረኝ። «አንተ ሰውዬ፣ አሰብ የምትወርድ መሰለህ?»

«ምን አልካት?» አሉኝ ጋሽ ሰይፉ።

«ሹፌሩ ነው አልኳት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «መልካም። እንግዲህ ቀብዱ ቀርቷል፣ አብዱ።»

«ቀርቷል፣ ጋሽ ሰይፉ።»

ይቅር ይሉኛል ብሎ የጠበቀ ካለ እሳቸውን አያውቃቸውም። ቃል ቃል ነው፤ እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን አልመልስም ነበር። ሁሴን ዞሮ መኪናው ውስጥ ገባ። ሊንዳ ምን እንደተባባልን ጠየቀች፤ ነገርናት። ኮፈኑ ላይ እጇን አሳረፈች። «እንደወጣች አልወረደችም» አለች። «ግን ልትገድለኝ ትችል ነበር፤ አልገደለችኝም። ሞተሩን ማን ነው የሚከፍተው?»

«እኔ» አሉ ጋሽ ሰይፉ። «እሱ ዓይን ይሆነኛል።»

«እንግዲያው እጠብቃለሁ።»

ያንን ክረምት ሳን ሆዜ ጋራዣቸው ውስጥ አሳለፍኩት። ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታ እሳቸው በጣታቸው ይፈቱ፣ እኔ ያየሁትን እነግራቸው፤ ስሳሳት ክራቫታቸውን ወደ ሸሚዛቸው መልሰው «እንደ ሻጭ አትይ፣ እንደ ገዢ እይ» ይሉኛል። አንድ ቀን ያንን አጭር ዘንግ መስታወት ላይ አንከባለሉት፤ እንደ አንካሳ እየዘለለ ሄደ።

«ይኸው ደላላው። ተጣሟል።»

«ደላላ ሲጣመም በዓይን ይታያል እንዴ?»

«በዓይን አይታይም። ሲሠራ ነው የሚታወቀው» አሉ። ከዚያ አዲሱን ዘንግ፣ ቫልቩን፣ ክዳኑን፣ አንድ በአንድ መለሱ። የመጨረሻውን ብሎን ሲያጠብቁ ዓይናቸው ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነበር የሚለየው።

ሊንዳ በፀደይ መጣች። ጥርሴን ሠርታልኛለች፣ ሒሳቡን ግን ሙሉውን ላከችልኝ። ለጋሽ ሰይፉ ከፈለች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ብቻዋን ወደ ኮንኮርድ ነዳች፣ ሰማዩ ዳምኖ ሳለ፣ ያለ ጣሪያ። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው ማርሽ ስትቀያይር ሰሙ፤ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ከዚያ ፍሪዌዩ ድምፁን ዋጠው። «ዝናብ ሊመጣ ነው አይደል?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። «ደግ» ብለው ገቡ።

ቀብዱ ለጋሽ ሰይፉ ቀረ። ግቢዬ በገዛኝ የጎማ ነጋዴ እጅ ቀረ። የሁሴንን ድርሻ የኦክላንድ ኤርፖርት ታክሲ እየነዳሁ ከፈልኩት፤ ስጨርስለት ሰላም አለኝ። ጋሽ ሰይፉ ለክረምቱ «የዓይን ኪራይ» ብለው ሁለት መቶ ዶላር ሰጥተውኝ ነበር። ተደምሮ ተቀንሶ በእጄ የቀረው እሱ ነው፦ ሁለት መቶ ዶላር።